የሐጂ ቂብላና የእኔ ሽምግልና

እኔ ሽማግሌ የሆንኩት ማክሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ ማታ ስተኛ የሐይቅ ከተማ ተራ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ በመስኮት አላፊ አግዳሚውን እያየሁ የማንን ኮት ማን እንደለበሰ እመረምራለሁ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደሳለ መጣ። ደሳለ ባጃጅ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ፣ ድምፁ ከሚጠግነው ሞተር በላይ የሚጮኽ ጎረምሳ። ለእኔ ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ሱሪው ከኋላ የተቀደደ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የገባው። የዚያን ዕለት ግን ኮፍያውን አውልቆ ከወገቡ እጥፍ አለልኝና፦

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ" አለኝ።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

እናንተዬ፣ ይህን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቅሁት ልንገራችሁ? የስንቱን ሽማግሌ ኮት ተኩሼ ወደ ስንቱ ልጃገረድ ቤት ሸኝቻለሁ! ኮቱ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። ኮቱ ሲመለስ እጅጌው ላይ የወጥ ጠብታ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ጠብታውን እያስለቀቅሁ ምን ወጥ እንደነበር እገምታለሁ። አሁን ግን ኮቱ ውስጥ ሆኜ ልሄድ ነው!

ደሳለ ከከተማው ሰው ሁሉ እኔን መምረጡ በጣም አኮራኝ። በኋላ እንደሰማሁት ዋናው ሽማግሌ ወገባቸውን ይዟቸው አልጋ ላይ ውለው ኖሯል፤ ደሳለ ተተኪ ፍለጋ ሲንከራተት በመስኮቴ ሽበቴን አየ። ከሽበቴ በታች ያለውን ብዙም አልመረመረም።

ማታ ለባለቤቴ በኩራት አበሰርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "አንተ እኮ ሸብተሃል እንጂ አልሸመገልክም" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔ ግን ኮቴን ተኩሼ ስጨርስ መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር ስለማመድ አመሸሁ። "በቤትዎ ያለችውን ዕንቁ…" እላለሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አሳርፋለሁ፣ ትንሽ ዝም እላለሁ። በራሴ ንግግር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወይም ሽንኩርቱ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደሳለ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወዷል። ትርንጎ ከሐይቁ ማዶ፣ በምሥራቁ ዳር የሚኖሩት የጋሽ ይመር ልጅ ናት። ጋሽ ይመር ለሽማግሌ ቀጠሮ የሰጡት ለረቡዕ ጠዋት ነበር። ችግሩ፣ ቀጠሮውን የሰጡት ለሁለት ወገን ነው። እዚያው ማዶ አያ አራጌ የሚባሉ፣ በሬያቸው ከበረታቸው የተረፈ ሀብታም ገበሬ አሉ፤ እሳቸውም ለልጃቸው ይችኑ ትርንጎን ሊጠይቁ አስበዋል። ጋሽ ይመር ደግሞ "ቀድሞ የመጣውን ቀድሜ እሰማለሁ" ብለው አረፉት።

"ልጅቷስ ማንን ትፈልጋለች?" ስል ደሳለን ጠየቅሁት።

"እኔን ይመስለኛል።"

"በምን አወቅህ?"

"ገበያ ላይ ስታየኝ ትስቃለች።"

አፍንጫው ላይ ያለውን ግራሶ አየሁና ሌላ አልጠየቅሁትም።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ጭቃ ነው። እንጀራው የባጃጅ ብልሽት የሆነው ደሳለ እንኳ በዚያ መንገድ ባጃጅ አይሂድ አለ። ስለዚህ ከጓደኛው ጀልባ ተዋሰ፤ እሱ እየቀዘፈ ቀጥ አድርጎ ሊያሻግረን፣ እኛ ሦስቱ ሽማግሌዎች ወርደን ስንጠይቅለት እሱ ደግሞ ጀልባው ውስጥ ተደብቆ ሊጠብቀን ተስማማን። የሚጠየቅለት ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ታይቶ አያውቅማ።

ረቡዕ ማለዳ ሐይቁ ዳር ስደርስ ሐይቁ የለም። ውሃው ጠጠሩን ሲልሰው ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ጭጋጉ ከመሬት እስከ ሰማይ ነጭ ጋቢ ዘርግቷል። ከጋቢው ውስጥ ክርክር ይሰማኛል። ክርክሩን ተከትዬ ሄድኩና አብረውኝ ሽማግሌ የሚሆኑትን ሁለቱን ባልንጀሮቼን አገኘሁ።

መምሬ ካሳንና ሐጂ እንድሪስን ላስተዋውቃችሁ። መምሬ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ቄስ ናቸው። ሐጂ ረጅም፣ ወፍራም፣ የጨርቅ ነጋዴ፤ ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ወዲህ ደግሞ "መካ ሳለሁ" ሳይሉ ዓረፍተ ነገር የማይጀምሩ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው። ያኔ የጀመሩትን ክርክር እስካሁን አልጨረሱም፤ ምን ላይ እንደጀመሩት ግን ሁለቱም አያስታውሱም።

"በዚህ ጭጋግ ውሃ ላይ አልወጣም" ይላሉ መምሬ። "እስኪገፈፍ እንቆይ።"

"መምሬ፣ የአያ አራጌ ሽማግሌዎች ይቀድሙናል!" ደሳለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"አብሽሩ!" አሉ ሐጂ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና አረንጓዴ ፕላስቲክ ነገር አወጡ። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ኮምፓስ ናት። ክዳኗ ሲከፈት ሚናራ ተስሎባታል፤ መሐል ላይ ጫፏ ቀይ የሆነ መርፌ ትወዛወዛለች። "መካ ሳለሁ የገዛኋት ቂብላ ናት። ስሰግድ ወዴት እንደምዞር ትነግረኛለች። ምድር ብትጨልም ይቺ አትስትም፤ መካን ታሳያለች።"

መምሬ ጎንበስ ብለው አዩ። "ይቺ ሰሜንን ነው የምታሳየው።"

"መካን!"

"ሰሜንን!"

"ኸሳዑዲ ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ መምሬ!"

"ሰሜንን የፈጠረው ደግሞ እግዚአብሔር ነው፣ ሐጂ!"

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ ካርታ ላይ ሲታይ መካ ከሐይቅ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። በሌላ አገር ቢሆን አንዳቸው ይረቱ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን ሊከራከሩ ይችላሉ።

ሐጂ ትንንሽ ነገር ማየት ስለማይችሉ ኮምፓሷን ለእኔ ሰጡኝ። "ስለ መርፌ የምታውቀው አንተ ነህ" አሉኝ። "ፊትህን ወደ ፀሐይ መውጫ ስታደርግ ቀዩ ጫፍ በግራ እጅህ በኩል ይሆናል። በግራህ እስካለ መንገዳችን ልክ ነው።"

ሽማግሌ በሆንኩ በማግስቱ የመርከብ አዛዥም ሆንኩ! ጀልባዋ ፊት ላይ ጉብ ብዬ ኮምፓሷን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። ሐጂና መምሬ መሐል ላይ ተቀመጡ፤ መምሬ በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን፣ በሌላው የሐጂን ቀበቶ ይዘዋል። ደሳለ ከኋላ ቀዘፈ። ትንሽ እንደሄድን ዳሩ ጠፋ።

መርፌዋን አየሁ። ቀዩ ጫፍ የሚያሳየው ግራዬን ሳይሆን እኔን ነው፤ ቀጥ ብሎ ደረቴን። አሰብኩ። ሰሜን ከኋላዬ ከሆነ እየሄድን ያለነው ወደ ደቡብ ነው። ወደ ምሥራቅ ለመመለስ ወደ ግራ መታጠፍ አለብን። በሂሳቤ በጣም ተደሰትኩ።

"ወደ ግራ!" አልኩ።

ደሳለ ወደ ግራ አዞረ። መርፌዋ አሁንም ደረቴን ታያለች።

"አሁንም ወደ ግራ!"

አዞረ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ጨምር ወደ ግራ!"

"ጋሼ፣ ብዙ ግራ አልሆነም?"

"አንተ ቅዘፍ! መርፌ የማውቀው እኔ ነኝ!"

ብዙም ሳይቆይ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ብቅ አለ፤ በትንሽ ጀልባው ላይ ኩርምት ብሎ መረቡን ይጠብቃል።

"እንዴት አደራችሁ፣ አባቶቼ!"

"አላህ ሲሳይህን ያብዛው፣ ልጄ!" አሉ ሐጂ።

"እግዚአብሔር መረብህን ይሙላው!" አሉ መምሬ።

እኔም ሽማግሌ ነኝና "ተባረክ!" አልኩት፤ በሕይወቴ ሰው ስመርቅ የመጀመሪያዬ ነው። ዓሣ አጥማጁ ወደ ጭጋጉ ተመልሶ ጠፋ። እኔም ወደ ግራ ማለቴን ቀጠልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ዓሣ አጥማጅ አገኘን። እሱም በትንሽ ጀልባ ላይ ኩርምት ብሏል። እንደገና ሰላምታ፣ እንደገና ምርቃት። ካለፍነው በኋላ መምሬ "የፊተኛው ወንድም ይሆናል፤ ቁርጥ እሱን ነው" አሉ።

"መንታ ናቸው" አልኩ በእርግጠኝነት።

በዚህ መሐል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደወል ተሰማ። መምሬ ደስ አላቸው፤ ደወሉ በቀኛቸው ነበር። ከዚያ በኋላቸው ሆነ። ከዚያ በግራቸው። መምሬ የሐጂን ቀበቶ ጠበቅ አደረጉና ቀስ ብለው "ሐጂ፣ ደወሉ እየዞረን ነው" አሉ።

"ደወል አይዞርም፣ መምሬ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚዞረው?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ወዲያው ሦስተኛው መንታ ከፊታችን ብቅ አለ። ምርቃት ልንጀምር አፋችንን ስንከፍት እሱ ቀደመን።

"አባቶቼ፣ ምርቃታችሁ በዝቶልኛል። ግን በዞራችሁ ቁጥር ዓሣው እየሸሸ ነው። ቦታዋን ፈልጋችኋት ከሆነ እኔ ልነሳላችሁ?"

ያ ሁሉ አንድ ሰው ነው!

"የጋሽ ይመር ቤት በየት በኩል ነው?" ብሎ ጮኸ ደሳለ፤ ጀልባችን ግን እየተንሸራተተ አልፎት ነበርና ሰውየው በጭጋግ ተዋጠ።

"ወዲህ ነው!" አለ ድምፁ።

"ወዴት?"

"ወዲህ! እጄን እዩት!"

"እጅህ የት አለ?"

"እዚህ! እያሳየኋችሁ እኮ ነው!"

አጥማጁን የዚያን ዕለት ዳግም አላየነውም።

ሐጂ ኮምፓሷን ከእጄ መነጨቁ። መርፌዋ እሳቸው እጅ ላይ ስትገባ ተወዛውዛ ወደ ሌላ ቦታ ዞረች። ለእኔ መልሰው ሰጡኝ፤ ወደ ደረቴ ተመለሰች። ወሰዱ፤ ሄደች። ሰጡኝ፤ መጣች።

"ይቺ ወዳሃለች" አሉ መምሬ።

ሐጂ ኮምፓሷን እንደ ሐኪም ሰውነቴ ላይ ያንሸራትቱ ጀመር። ትከሻዬ ላይ ዝም። ሆዴ ላይ ዝም። የኮቴ የደረት ኪስ ጋ ስትደርስ መርፌዋ እንደ አበደች ተንቀጠቀጠች።

"ኪስህ ውስጥ ምን አለ?"

እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴን ወጋኝ። ያኔ ገባኝ። ልብስ ሰፊ ስፒል ሲበተንበት በጣቱ እየለቀመ አይውልም፤ ማግኔት ይዞ ወለሉን ይዳስሳል። የእኔ ማግኔት ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ፣ ጠገራ ብር የሚያህል ክብ ብረት ነው። ማታ ኮቴን ስተኩስ በልማድ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አወጣሁት፤ ዙሪያውን ስፒል ተሰክቶበት ጃርት መስሏል።

ሐጂ ማግኔቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰማዩን ቢፈልጉት አጡት። "ያ ረቢ! መካን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ሲያዞረን ያረፈደው!"

መምሬ ሳቅ ገነፈለባቸው። ደሳለ ግን አልሳቀም፤ "አያ አራጌ ቀደሙኝ" እያለ መቅዘፊያውን አቅፎ ቁጭ አለ። ማግኔቱን የሥራ ዕቃዬ ነው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ልጁን ሳየው ተውኩትና ብድግ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ሐይቁ ወረወርኩት።

ጀልባ ላይ ቆሞ መወርወር ክልክል መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል አለች፤ ሐጂ በእኔ ላይ፣ መምሬ በሐጂ ላይ ወደቁ፤ የመምሬ ጥምጥም ከራሳቸው ተንሸራትቶ ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ደሳለ በመቅዘፊያው አወጣው፤ ሲጨመቅ ሌላ ሐይቅ ወጣው።

ቄስ ራሱን ገልጦ ለሽምግልና አይሄድም። ሐጂ ምንም ሳይሉ ከራሳቸው ላይ በቀይ ክር የተሸመነውን የመካ ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ እሳቸው በቆባቸው ብቻ ቀሩ።

"ያዙ፣ መምሬ።"

"ሐጂ፣ ሊያሰልሙኝ ነው?"

"ራስዎን ነው የምጠመጥመው፣ ልብዎን አልነካሁም።"

ከዚያ በኋላ ኮምፓሷን እንድነካ አልተፈቀደልኝም። መምሬ መርፌዋን እያዩ፣ ሐጂ አቅጣጫውን እያዘዙ፣ ቀጥ ብለን ወደ ምሥራቅ ሄድን። እርግጥ ያን ያህል ከዞርን በኋላ ከየት ተነስተን ወደ ምሥራቅ እንደምንሄድ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ጀልባዋ ጭቃ ነካች። ከፊታችን ትልቅ ሾላ ይታያል።

"ከነትርንጎ ቤት አጠገብ ሾላ አለ" አለ ደሳለ።

"ይህ ነው?"

"ይመስለኛል።"

ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ደሳለን ቄጠማው ውስጥ ደብቀን ወደ ላይ ወጣን። ግቢው በር ላይ አንድ ዣንጥላ የያዙ ደልዳላ አዛውንት ቆመው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ገና ሲያዩን እጃቸውን ዘረጉ።

"እሰይ! ኧረ ግቡ! ኸጧት ጀምሮ እናንተን አይደል የምጠብቅ!" አሉ። ወደ መምሬ ዞረው ጥምጥማቸውን አዩና "አሰላሙ አለይኩም!" ሲሉ መምሬ ደንግጠው "እግዚአብሔር ይመስገን!" አሏቸው።

ንግግሬን ልጀምር አፌን ስከፍት እጄን ይዘው ጎትተው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የቤተሰቡ ዘመዶች መሰሉኝ።

"ጉዳያችን…" አልኩ።

"ጉዳዩን አውቀዋለሁ! ከልቤ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ቅመሱ።"

ሐጂን ጠቀስኳቸው፤ መልሰው ጠቀሱኝ። እንዲህ በቀላሉ! ሽምግልና ቀላል ኖሯል! ገንፎ ቀረበ፤ እንደ ተራራ የተቆለለ፣ መሐሉ ላይ ቅቤው የተኛ። ከማለዳ ጀምሮ ዳር ዳሩ የሚታይ ሐይቅ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ጉርሻ ከጎረስኩ በኋላ ባለቤቱ እንዲህ አሉ፦

"በሉ ቶሎ ቶሎ ብሉና ወደ ይመር ቤት እንሂድ፤ እነዚያ የከተማዎቹ ሳይቀድሙን። አንድ ባጃጅ ጠጋኝ ልኳቸዋል አሉ። ኸነሱ አንዱ ደሞ ልብስ ሰፊ ነው አሉ! ልብስ ሰፊ ለሽምግልና!" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ገንፎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የተቀመጥነው አያ አራጌ ቤት ነው! ለካ ከከተማ ትልልቅ ሽማግሌ እንዲልክላቸው ለዘመድ ነግረው፣ የሚመጡትን ሰዎች በመልክ ስለማያውቁ እኛን እነሱ ብለው ወስደውናል።

"አንቱ ሥራዎ ምንድን ነው?" አሉኝ አያ አራጌ ሳቃቸውን ሲጨርሱ።

"ከጨርቅ ጋር… የተያያዘ ነው" አልኩ።

እጃችንን ልንታጠብ በሚል ወደ ደጅ ወጣን።

"እህላቸውን በልተናል" አሉ መምሬ ላብ አጥምቋቸው።

"ወላሂ ቅቤውንም ጨምረን" አሉ ሐጂ።

"እውነቱን እንንገራቸው።"

"እንንገራቸው፣ መምሬ። ግን የይመርን ቤት ማን ያሳየናል? ኸደረስን በኋላ እንንገራቸው።"

መምሬ መስቀላቸውን እያሻሹ "ይህስ ከውሸት ይቆጠራል?" አሉ። እኔ ሮጬ ወደ ቄጠማው ወረድኩና ደሳለን "ዳር ዳሩን ይዘህ ተከተለን" አልኩት። ለምን ብሎ ሊጠይቀኝ ሲል ሸሸሁት።

አያ አራጌ ከፊት፣ ሽማግሌዎቻቸው ከኋላቸው፣ እኛ ከሁሉም ኋላ ሆነን ሄድን። ምን ብለን እንደምንናገር እንድናውቅ አያ አራጌ መንገዱን ሙሉ ልጃቸውን አመሰገኑልን። ጭምት ነው፣ አይጮህም፣ ከቤት አይወጣም አሉ።

"አሁን የት ነው?" አሉ ሐጂ።

"ገና አልተነሳም።"

የጋሽ ይመር ግቢ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ጋሽ ይመር አጭር፣ ጢማቸው የተከረከመ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ሽማግሌ ተሰልፎ ሲያዩ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እኛም ቆምን። ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ ቆሞ ነው፤ ባለቤቱ ልቡ ከፈቀደ "ተቀመጡ" ይላል፣ ካልፈቀደ ቆሞ ይመለሳል።

"አንቱ ጀምሩ፤ ድምፅዎ ሸጋ ነው" ብለው አያ አራጌ በዣንጥላቸው ጫፍ ወደ ፊት ገፉኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። "በቤትዎ ያለችውን ዕንቁ… ለልጃችን… እንዲሰጡን…"

"ለየትኛው ልጃችሁ?" አሉ ጋሽ ይመር።

መምሬን አየሁ፤ ወደ ሰማይ ያያሉ። ሐጂን አየሁ፤ የኮምፓሷን ክዳን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። መስታወት ፊት የተለማመድኩት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ፤ የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱኑ በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። የመጣነው ለደሳለ ነው፤ ማግኔት ይዤ ወደ ግራ ወደ ግራ እያልኩ ሐይቁን ሳዞራቸው አረፈድኩ፤ ተሳስተን አያ አራጌ ቤት ገባን፤ ገንፎ በላን፤ ገንፎው ደግሞ በጣም ጥሩ ነበር።

አያ አራጌ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልብስ ሰፊው… አንተ ነህ?"

ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ። "ነኝ" አልኩ።

"ገንፎዬን!" ዣንጥላው ወደ ላይ ወጣ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ፤ ሐጂም በሆዳቸው ከለሉኝ። ጋሽ ይመር ግን ሳቅ ጀምሯቸው ነበር፤ መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው፣ በመጨረሻ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ተንፈራፈሩ። አያ አራጌ ሲሳቅባቸው ይባስ ተቆጡ።

"ይመር፣ ቀልድ አይደለም! ለማን ነው የምትሰጥ? ቁርጡን ተናገር!"

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ቤት ተጣሩ። ትርንጎ በር ላይ ወጣች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ጎትታ መሬት መሬት ታያለች።

"ሁለት ወገን መጥቶልሻል፣ ልጄ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ልጃገረድ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ምን ትበል? ልቤ ደሳለን አስታወሰና ጥፋቴ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከበደኝ። እኔ ባላዞራቸው ኖሮ ይህ ልጅ ይቀድም ነበር።

ያኔ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከሐይቁ ላይ፣ ከሞተር በላይ የሚሰማ ድምፅ መጣ።

"መምሬ! ሐጂ! ጋሼ! ኧረ የት ናችሁ?"

"እዚህ ነን!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከአፋፉም አላለፈ።

"የት ናችሁ?" አሁን ድምፁ ራቅ ብሎ ነው። ዳሩን ስቷል።

"ልጁ ወደ መሐል እየገባ ነው!" አሉ መምሬ። ሐጂ ኮምፓሷን ይዘው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሩ፤ እሷ ግን ሰው አትጣራ! ድምፁ እንደገና መጣ፤ ቀጥኖ፣ ርቆ።

ነጠላው መሬት ላይ ወደቀ። ትርንጎ በእኔና በሐጂ መሐል፣ በአያ አራጌ ዣንጥላ ሥር ሹልክ ብላ አፋፉ ላይ ወጣች፤ ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ ተራራው እስኪመልስላት ጮኸች።

"ደሳለ! ወደዚህ! ደሳለ!"

ከዚያ በቀስታ፣ ያመነ የማይመስል ድምፅ፦

"ትርንጎ?"

"እኔ ነኝ! ድምፄን ተከትለህ ና! ደሳለ! ወደ ግራ አትበል! ደሳለ፣ ና!"

የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። እሷ ስሙን ትጠራለች፣ እሱ "መጣሁ!" ይላል፣ እሷ ትጠራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከየደጁ ወጣ። ያደግሁት በዚህ አገር ነው፤ ልጃገረድ በአባቷና በሽማግሌ ፊት የወንድ ስም እንዲህ አድርጋ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ጉንጯ በርበሬ መስሏል፣ ግን አላቋረጠችም። ጀልባዋ ከነጩ ውስጥ አፍንጫዋን ስታወጣ፣ ደሳለ ቆሞ ሊያያት ሲሞክርና ጀልባው ውስጥ በአፍጢሙ ሲደፋ፣ ትርንጎ ያኔ አባቷን አስታወሰችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በጣቶቿ መሐል ግን ትስቃለች።

አያ አራጌ ዣንጥላቸውን አወረዱት። ሐይቁን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። "የኔው ልጅ እስካሁንም አልተነሳ ይሆናል" አሉ ለራሳቸው።

ጋሽ ይመር ልጃቸው አጠገብ ሄደው ነጠላዋን ከመሬት አንስተው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ፤ ዓይናቸው ረጥቧል፣ ጢማቸው ደግሞ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ?" አሉ። "ኧረ ተቀመጡ!"

ከሁላችን ቀድመው የተቀመጡት አያ አራጌ ናቸው።